ሰባቱ ብልቃጦች

ነርሷን አልወዳትም ነበር፤ እሷም እንደማትወደኝ አውቃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ ጧት፣ ሄሮይን ከሚሸጥበት ከላንግሽትራሰ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ክሊኒክ ውስጥ፣ በመስታወት መስኮት ወዲያና ወዲህ ቆመን ተያይተናል። ሜታዶኔን በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ትሰጠኛለች፤ እጠጣለሁ። ኩባያው ላይ ውሃ ትጨምርበታለች፤ እሱንም እጠጣለሁ። ከዚያ፣ «አሁን አንድ ነገር ይናገሩ» ትለኛለች። መድኃኒቱን ጉንጬ ውስጥ ደብቄ ወጥቼ ለሌላ እንዳልሸጠው ነው፤ አፉ የሞላ ሰው አይናገርም። «ደህና ይዋሉ» እላታለሁ። ያን ሁሉ ዓመት «ደህና ይዋሉ» ያልኳት ደህና እንድትውል ብዬ አልነበረም።

ዙሪክ የገባሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። በሁለተኛው ዓመት ሄሮይን ጀመርኩ። ለምን እንደጀመርኩ የሚጠይቁኝ ሰዎች ትልቅ ምክንያት ይጠብቃሉ፤ የለኝም። ብርድ ነበር፣ ሥራ አልነበረኝም፣ አብሮኝ የሚኖረው ሰውዬ ነበረው፣ ሰጠኝ፣ ወሰድኩ። ማቆሙ ግን አሥራ ሰባት ዓመት ፈጀ። ሜታዶን ማለት ሄሮይን ያቆመ ሰው በቀን አንዴ የሚወስደው መድኃኒት ነው። ልኩ ከተገኘ አያሰክርም፣ አያፈዝም፤ እንደማንኛውም ሰው ተነስተህ ሥራህን ትሠራለህ። አንድ ቀን ከዘለልከው ግን በማግስቱ አፍንጫህ መፍሰስ ይጀምራል፤ ከዚያ ብርዱ፣ ላቡ፣ አጥንትህ ውስጥ የሚሄድ የሚመስል ነገር ይከተላል።

ሌሎች ታካሚዎች የሳምንታቸውን ተረክበው ቤታቸው ይወስዱ ነበር። ለእኔም በሦስተኛው ዓመት ሊሰጠኝ ተወስኖ ሳለ የሽንት ምርመራዬ ላይ ኮኬይን ተገኘ። አልካድኩም፤ አንድ ድግስ ላይ ወስጃለሁ። «ለጊዜው በየቀኑ እየመጡ እዚህ ይጠጡ፤ እስኪታይ ድረስ» አለኝ ሐኪሙ። እስኪታይ ድረስ ስምንት ዓመት ሆነ። ማን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚታይ የነገረኝ የለም። ኦርሊኮን የሚባል ሰፈር አንድ የቢሮ ሕንፃ አጸዳለሁ፤ ክሊኒኩ አንድ ሰዓት ተኩል ስለሚከፈት ሁልጊዜ ከሠራተኞቹ ሁሉ መጨረሻ የምደርሰው እኔ ነበርኩ። እሑድ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ የእሑዱን አንድ ብልቃጥ ይሰጡኛል። ስለዚህ ከዙሪክ ርቄ ማደር የምችለው በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ ነበር።

እናቴ አዲስ አበባ ስትሞት መድኃኒቱን ይዤ ድንበር የምሻገርበትን ወረቀት ጠየቅኩ። ወረቀቱ ሲደርስ እናቴ ከተቀበረች አሥረኛ ቀኗ ነበር። ነርሷ በመስኮቱ አሾልካ ስትሰጠኝ ፈገግ አለች፤ መልካም ነገር ያደረገችልኝ መስሏት መሆን አለበት። እዚያው ፊቷ ቀደድኩት። ይህም ፋይሌ ላይ ተጻፈ።

ኮሮና ሲመጣ ክሊኒኩ በር ላይ መሬቱን በቢጫ ፕላስተር እየለኩ መስመር አሰመሩልን። አንድ አንድ እያልን እንገባለን። በሁለተኛው ሳምንት መስኮቱ ጋ ስደርስ ከነርሷ አጠገብ ሐኪሙም ቆሟል፤ ሁለቱም ማስክ አድርገዋል።

«ሳንባዎ ደካማ ስለሆነ በየቀኑ እንዲመጡ አንፈልግም። ከዛሬ ጀምሮ የሳምንቱን ይዘው ይሂዱ» አለኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ደሜ ፈላ።

«ስምንት ዓመት አልታመንም ነበር። አሁን ምን ተገኘብኝ?»

«እርስዎ ላይ የተለወጠ ነገር የለም» አለ ሐኪሙ። «የመጣው ቫይረሱ ነው።»

ቢያንስ አልዋሸም። ነርሷ ወረቀት አስፈረመችኝ። ብልቃጦቹ በሚቆለፍ ሳጥን ይቀመጣሉ፤ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሆናሉ፤ አንዱ ብልቃጥ ያልለመደውን ሰው ሊገድል ስለሚችል ለማንም አይሰጥም። «የጠፋ ደግሞ አይተካም» አለች። ከዚያ ጀርመንኛ የማልሰማ ይመስል ጣቷን በመስታወቱ ላይ እያንቀሳቀሰች ደገመችልኝ፤ «የጠፋ፣ አይተካም።» ሰባት ቡናማ ብልቃጦች፣ በያንዳንዳቸው ላይ ቀኑ የተጻፈባቸው፣ ቆጥራ ሰጠችኝ። ጀርባዬን ሰጥቻት ወጣሁ። ምንም እንድናገር አልጠየቀችኝም።

በሦስተኛው ሳምንት እህቴ ከጄኔቭ ደወለች።

እህቴ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ከእኔ በፊት ወጥታ፣ ሰው ቤት ሠርታ፣ ሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ኖራ፣ አሁን ጡረታ ላይ ናት። የምትኖረው «ለ ሊኞን» የሚባል ቦታ ነው፤ አንዱ ሕንፃ ከአንድ አውቶቡስ ፌርማታ እስከ ሌላው የሚዘልቅበት ሰፈር። ልጅ የላትም። ያላት ቤተ ክርስቲያኗና የቤተ ክርስቲያን ሰዎቿ ናቸው። ለእነሱ ወንድሟ ዙሪክ ኢንጂነር ነው ብላለች። የኢንጂነሮቹን ቢሮ ነው የማጸዳው፤ ትንሽ ነው የተሳሳተችው። ቤቷ ከረገጥኩ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር።

«እግሬ ተሰብሯል» አለች። ሰላምታም የለ። «መታጠቢያ ቤት አንሸራቶኝ ነው። ሆስፒታሉ አልጋ ስለሚያስፈልገው ጀሶ አድርገው ሰደዱኝ። የምትረዳኝ ሴት በኮሮና ምክንያት በሳምንት አንዴ ብቻ ነው የምትመጣው። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቷል፤ ሰዉ ሁሉ ፈርቷል።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ከዚያ ቦታህ የምትወጣበት መንገድ አለ?» አለች። ክሊኒኩን «ያ ቦታህ» ነው የምትለው።

ሰኞ የሳምንቴን ተቀብዬ፣ ብልቃጦቹን በብረት ሳጥን ቆልፌ፣ የቀትሩን ባቡር ያዝኩ። ሥራ ቦታዬ ሁሉም ሰው ከቤቱ እንዲሠራ ስለተባለ የሚጸዳ ቢሮ አልነበረም። ፉርጎው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገ ጧት የት መድረስ እንዳለብኝ ሳላሰላ ተቀመጥኩ። ከሎዛን በኋላ ሐይቁ ሲታይ አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የተሰማኝ ንዴት ነው። ይህን ያህል ቀላል ከነበረ፣ እናቴ ስትሞት ለምን አልሆነም?

እህቴ በሩን በክራንች ተደግፋ ከፈተች። «ማስክህን እንዳታወልቅ። ጫማህን አውልቅ» አለችኝ። ቤቷ እንደ ሁልጊዜው ንጹሕ ነው፤ እሷ ግን አርጅታለች። የተሰበረ እግሯን መርገጥ ተከልክላለች። ከወንበር አነሳታለሁ፣ መጸዳጃ ቤት አደርሳታለሁ፣ ፊቴን አዙሬ በሩ ላይ እጠብቃለሁ፣ እመልሳታለሁ። ምግብ ስሠራ ከሳሎን ሆና በድምፅ ትመራኛለች፤ ሽንኩርቱ በዛ፣ እሳቱ በረታ፣ ያንን ማንኪያ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ያሳደገችኝ እሷ ናት ማለት ይቻላል፤ ሃምሳ ሦስት ዓመት እንደሞላኝ የነገራት ሰው የለም።

ጧት ጧት ኩሽና ውስጥ ብልቃጤን ከፍቼ ስጠጣ ዓይኗን አትነቅልም። ነርሷን ዙሪክ ትቻት የመጣሁ መስሎኝ ነበር።

«ይኼ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ ረቡዕ ዕለት።

«የቱ?»

«የምትጠጣው።»

«አያልቅም፣ እትዬ። እንደ ደም ግፊትሽ ክኒን ቁጠሪው።»

«የደም ግፊት ክኒኔን የብረት ሳጥን ውስጥ አልቆልፈውም።»

«ሰው ስለማይሰርቅሽ ነው።»

«ሰው የሚሰርቀው መድኃኒት ምን ዓይነት መድኃኒት ነው?» አለች። መልስ አልሰጠኋትም። ስሕተቴ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ በዚያን ቀን ቁጭ ብዬ ባስረዳት ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ግን አሥራ አንድ ዓመት ለሁሉም ሰው ሳስረዳ ኖሬ ደክሞኝ ነበር።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ የልብስ ማጠቢያው ተራ የእሷ ነበር። እዚያ ሕንፃ ውስጥ የማጠቢያው ማሽን ምድር ቤት ነው፤ ተራህ ካለፈህ ደግሞ ሁለት ሳምንት ትጠብቃለህ። አንሶላዋን ይዤ ወረድኩ። ማሽኑን አስነስቼ፣ ሁለተኛውን ዙር አስገብቼ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆየሁ። ስመለስ በሩ ላይ ሆኜ የብረት ድምፅ ሰማሁ።

እህቴ ኩሽናው ወለል ላይ ተቀምጣለች። ጀሶ የተደረገው እግሯ ፊት ለፊቷ ተዘርግቷል፤ ክራንቿ ወድቋል። የቅመም መውቀጫዋን ዘነዘና ይዛለች። ሳጥኔ ተጣሞ ተከፍቷል። አራት ብልቃጦች፣ የዓርብ፣ የቅዳሜ፣ የእሑድና የሰኞ፣ ክዳናቸው ተነስቶ ባዶ ሆነው ከጎኗ ተደርድረዋል። ሜታዶኔን ወለል የምትወለውልበት ባልዲ ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ነው የደፋችው፤ እላዩ ላይ በረኪና ጨምራበታለች።

«ምን አደረግሽ?»

«የትም አትሄድም፤ አገሩ በሙሉ ተዘግቷል» አለች። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር፤ ከብዙ ቀን ጀምሮ ያሰበችው ነገር ነው። «ሳምንት ትሰቃያለህ፤ ከዚያ ይወጣልሃል። እኔ አለሁ። ጠበልም ቤት ውስጥ አለ።»

ያልኳትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ለእናት ልጅ የማይባል ነገር ነበር። እሷም አልማረችኝም፤ የአባታችንን ስም እንዳሰደብኩ፣ እኔን ደብቃ መኖር እንደሰለቻት፣ ስሜ በተነሳ ቁጥር ሰው ቀና ብላ እንደማታይ ነገረችኝ። ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። ከዚያ ከወለሉ ላይ መነሳት አቃታት፤ ብብቷ ስር ይዤ አነሳኋት፤ እያነሳኋትም እሰድባት ነበር።

ዓርብ ጧት ክሊኒኩ ደወልኩ። ያነሳችው ነርሷ ናት።

«መድኃኒቴ ተደፍቷል።»

«ማን ደፋው?»

«እህቴ።»

«እህትዎ» አለች። «ባለፈው ሳምንት የአንድ ታካሚ ድመቱ ደፍታበት ነበር።»

«እውነቴን ነው።»

«የጠፋ አይተካም፤ ፈርመዋል። ዙሪክ ይምጡና እዚህ ፊታችን ይጠጡ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነን። ወይም እህትዎ ራሳቸው ደውለው ይንገሩን።»

ስልኩን ለእህቴ ዘረጋሁላት። ፊቷን አዞረች።

«የሱሰኞች ቤት ደውዬ ስሜን አልሰጥም» አለች።

ቦርሳዬን አዘጋጀሁ። «ልትሄድ ነው?» አለች። «ልሄድ ነው» አልኳት። «ሂድ» አለች። ወርጄ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀመጥኩ። አፍንጫዬ መፍሰስ ጀምሯል፤ ሳላቋርጥ አፋሽካለሁ። አውቶቡሱ መጣ፤ በሩ ተከፈተ፤ ሾፌሩ ጠበቀኝ፤ አልተሳፈርኩም። ደግ ስለሆንኩ አይደለም። እዚያ ቤት ውስጥ ወድቃ ብትገኝ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ለዓመታት የሚያወራው፣ ኢንጂነር የተባለው ወንድሟ ከነስብራቷ ጥሏት ሄደ የሚለውን ነው። ያን ልሰጣቸው አልፈለግሁም። ተመልሼ ገባሁና ምሳዋን ሠራሁላት። ሽንኩርቱ ላይ ምንም አላለችም።

ቅዳሜ ጧት ሰው አልነበርኩም። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፤ ቆዳዬ ላይ ያለው ጸጉር ሁሉ ቆሟል፤ ሆዴ አላቆም ብሎኝ መጸዳጃ ቤቱን እኔና እሷ እንሻማ ነበር። እግሮቼ ከኔ ተለይተው ለብቻቸው የሚራገጡ ይመስላሉ። እንደዚያ ሆኜ፣ «ተነሺ፣ ተደገፊኝ» አልኳት። ኮሪደሩ መካከል ስንደርስ ክንዴ ከዳኝ። ግድግዳውን ተደግፈን ቀስ እያልን ሁለታችንም ወለሉ ላይ ቁጭ አልን። እግሯን እንዳልመታው ታፋዬ ላይ አሳረፍኩት። ማስኬ አገጬ ስር ወርዷል። እንድመልሰው አላዘዘችኝም።

«እንዲህ ነው?» አለች።

«ገና ነው። ነገ ይብሳል።»

«ሰባት ቀን?»

«ከዚያም ይበልጣል። ሲያበቃ ደግሞ ነጻ አልወጣም፤ እዚያ ላንግሽትራሰ ወርጄ፣ ሰውነቴ ልምዱን ካጣ በኋላ፣ ድሮ የምወስደውን ያህል ሄሮይን እወስድና እሞታለሁ። አብረውኝ የነበሩት እንደዚያ ነው ያለቁት። ሳታውቂ ልትገድዪኝ ነበር።»

 ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገረች።

«እማዬ ስትቀበር ብቻዬን ነበርኩ» አለች። «ሰው ሁሉ፣ ወንድ ልጇ የታለ ይለኛል። ሥራ አልለቅ ብሎት ነው እላለሁ። ያን ውሃ ስለምትጠጣ ነው ያልመጣኸው። ሳየው ልቤ ይቃጠላል። ለዚያ ነው የደፋሁት።»

«የከለከለኝ እሱ አይደለም» አልኳት። «እነሱ ናቸው። ወረቀቱን ያዘገዩት እነሱ ናቸው።»

«አልነገርከኝም።»

«አልጠየቅሽኝም።»

ሁለታችንም ያልነው እውነት ነው። ግን አላቀፈችኝም፤ እኔም አላቀፍኳትም። «ስልኩን አምጣልኝ» አለች። እየዳህኩ ሄጄ አመጣሁላት።

ከወለሉ ሳትነሳ ደወለች። ነርሷ ፈረንሳይኛ ትችል ነበር፤ ይህንንም በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አላወቅኩም። እህቴ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ አድራሻዋን፣ የልደት ቀኗን ማንም ሳይጠይቃት ተራ በተራ ተናገረች፤ ፖሊስ ፊት የቀረበች ይመስል ነበር። «ወንድሜ አልዋሸም። ሰብሬ የደፋሁት እኔ ነኝ» አለች። እፎይ ልል ስል ድምፅዋ ከፍ አለ። ሰውዬው ትናንት እውነቱን ነግሯችሁ ለምን አላመናችሁትም? እናቱን እንዳይቀብር ያደረጋችሁትስ እናንተ አይደላችሁም? ነርሷም ከወዲያ መጮህ ጀመረች። ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት። ሁለት የማልወዳቸው ሴቶች በኔ ጉዳይ ሲጣሉ፣ እኔ የኮሪደሩ ወለል ላይ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ተቀምጫለሁ።

በመጨረሻ ሐኪሙ ስልኩን ተቀበለ። ጄኔቭ ላለ አንድ ፋርማሲ ትእዛዝ እንደሚልክ ነገረኝ። «ግን የሳምንቱ ቀርቷል። በየቀኑ ፋርማሲው ውስጥ ይጠጣሉ፤ ሲመለሱም እዚህ እንደዚያው ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪታይ ድረስ።»

ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ነበር፤ የእህቴ ስለሆነ ተውኩት። ከቀትር በፊት ፋርማሲው ደረስኩ። ፋርማሲስቱ ወጣት ነው፤ ከሰው ሁሉ ፊት፣ «ሜታዶኑ የርስዎ ነው?» ብሎ ጮኸ። ወረፋ የያዙት ሰዎች አንድ እርምጃ ሸሹኝ፤ ሁለት ሜትር የተባለው ለእኔ ሦስት ሆነ። ጠጣሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አካሌ ተመለሰ።

ሦስት ሳምንት ቆየሁላት። በየቀኑ ጧት ወደ ፋርማሲው እየሄድኩ፣ እየጠጣሁ፣ ዳቦ ይዤ እመለሳለሁ። ብዙ አናወራም ነበር። ይቅርታ አልጠየቀችኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ስልክ ላይ፣ «ወንድምሽ ዛሬስ የት ሄደ?» ስትላት፣ «መድኃኒቱን ሊወስድ» ስትል ሰማሁ። የምን መድኃኒት ብትባል ምን ልትል እንደነበር አላውቅም፤ ሴትዮዋ አልጠየቀችም።

ዙሪክ ተመልሼ እስከ በጋው መጨረሻ በቢጫው መስመር ላይ ቆምኩ። ከዚያ አንድ ቀን ሰባቱን ብልቃጦች መለሱልኝ። ያን የሚያህል ጊዜ ለምን እንደፈጀ ስጠይቅ ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ። ኮሮናው ካለፈ በኋላ ይነጥቁኛል ብዬ ስጠብቅ አልነጠቁኝም፤ ለብዙዎቻችን እንደዚያው ቀረ፤ አሁን የምሄደው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። ስምንት ዓመት የማይቻል የነበረው ነገር ተቻለ፤ ማንም አልሞተም፤ ማንም ስላለፈው ይቅርታ አላለም። ደግነት አይደለም ያደረጉት። ፈርተው ነው፤ ሲፈሩ ያደረጉት ነገር ልክ ሆኖ ተገኘ።

ባለፈው ክረምት ያኔ የተሰበረው የእህቴ ቁርጭምጭሚት በደንብ ስላልገጠመ ተከፍቶ ታከመ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ደወለችልኝ። እንደ ሁልጊዜው ስለ ብርዱ፣ ስለ አሳንሰሩ ብልሽት አማረረች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሐኪሙ የሰጠኝ የሕመም ማስታገሻ አለ» አለች። «ከሞርፊን ወገን ነው ይላሉ። ሁለት ወር ወሰድኩት። ትናንት ልተወው ብዬ ሳልወስድ ዋልኩ። ያልበኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ አፍንጫዬ ይፈሳል። ጉንፋን ነው ብዬ ነበር።»

ምን እንደሆነ ገባኝ። እሷም ገብቷታል፤ ለዚያ ነው ለኔ የደወለችው። ልራራላት ይገባኝ ነበር። የወጣኝ ግን ሌላ ነው።

«መጥቼ ልድፋልሽ?» አልኳት።

ስልኩን ዘጋችው። አንድ ቀን ሙሉ አልደወልኩም፤ ልዋሽ አልፈልግም፣ ደስ ብሎኝም ነበር። በማግስቱ ግን እግሯ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ እየታየኝ ሥራዬን መሥራት አቃተኝ። ኦርሊኮን ከሕንፃው ጀርባ፣ የቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ ቆሜ ደወልኩላት። በራስሽ አትቁረጪው፤ ዛሬውኑ ሐኪሙ ጋ ደውይ፤ ቀስ በቀስ እየቀነስኩ የምተውበትን መንገድ በጽሑፍ ስጠኝ በይው፤ ውሃ ጠጪ አልኳት። የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የሰውነትሽ ነገር ነው አልኳት። ለእኔ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የእስክሪብቶ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ትጽፋለች።

«ቀስ በቀስ ማለት ስንት ሳምንት ነው?» አለች።

«እሱ ይወስናል። ከቸኮለብሽ ግን እምቢ በይ።»

«እምቢ ማለት እችላለሁ» አለች፣ ኮስተር ብላ። ሐኪም ቤት ልትደውል መሆኗን ነግራኝ ዘጋችው።